የጨረር ሕክምናና የሆድ መታወክ፤ እርጎ የሚረዳው እስከ ምን ድረስ ነው?

አማርኛን የሚማር ሰው አዘውትሮ ከሚሰማቸው ቃላት አንዱ «ሆድ» የሚለው ነው። ሆድ ምግብ የሚገባበት የሰውነት ክፍል ብቻ አይደለም፤ በቋንቋችን ምስጢርም የሚቀመጥበት ነው። ታጋሹን ሰው «ሆደ ሰፊ»፥ ቶሎ የሚከፋውን ሰው «ሆደ ባሻ» እንለዋለን። ሊነገር የማይገባውንም ነገር «ሆድ ይፍጀው» ብለን እንተወዋለን። ይህ የመጨረሻው አነጋገር በሌላ ጉዳይ የጨዋነት ምልክት ሊሆን ይችላል። የታመመው ሆዱ ራሱ በሆነ ጊዜ ግን ዝምታው ብዙ ጉዳት ያመጣል።

በዛሬው የቤተሰብ ገጻችን ልንገልጸው ያሰብነው፥ በነቀርሳ ምክንያት የጨረር ሕክምና ለሚደረግላቸው ሰዎች ስለሚመጣው የአንጀት መታወክ፥ እንዲሁም እርጎና እርጎን የመሰሉ ምግቦች ለዚህ ሕመም ስላላቸው ጥቅምና ስለ ጥቅማቸው ወሰን ነው። ነቀርሳ የምንለው ዛሬ ብዙ ሰው ካንሰር በሚለው ስሙ የሚያውቀውን በሽታ ነው። ጉዳዩ የሕሙማን ብቻ አይደለም፤ ምግቡን የምታዘጋጀውን የቤት እመቤት፥ በሽተኛውን ወደ ሐኪም ቤት የሚያመላልሰውን ልጅ፥ ለሠራተኛው የሕመም ፈቃድ የሚሰጠውንም የመሥሪያ ቤት ሹም የሚመለከት ነው።

ጨረሩ አንጀትን እንደ ምን ይነካዋል?

በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ ከጡት ነቀርሳ ቀጥሎ በብዛት የሚገኘው የማሕፀን በር ነቀርሳ ነው። ለዚህ በሽታ፥ እንዲሁም ለፊንጢጣ፥ ለሽንት ፊኛና በወንዶች ለሚደርሰው ለፕሮስቴት ዕጢ ነቀርሳ፥ ሐኪሞች ከእምብርት በታች ባለው የሰውነት ክፍል ላይ የጨረር ሕክምና ያደርጋሉ። ለማሕፀን በር ነቀርሳ የሚሰጠው ከውጭ የሚተኰስ ጨረር በአብዛኛው በሳምንት 5 ቀን፥ በጠቅላላው ለ25 ቀን ያህል የሚሰጥ ሲሆን፥ ከዚያም በኋላ ከውስጥ የሚደረግ የጨረር ሕክምና ይከተለዋል።

ጨረሩ ከሁሉ አብልጦ የሚጎዳው ቶሎ ቶሎ የሚራቡትን ሕዋሳት ነው። የነቀርሳ ሕዋሳት እንዲህ ያሉ ስለ ሆኑ ይጠፋሉ። ነገር ግን በዚያው አካባቢ የሚገኘው የአንጀት ውስጠኛ ሽፋን ደግሞ በ3 ወይም በ5 ቀን ውስጥ ራሱን የሚያድስ በመሆኑ፥ እርሱም ከጉዳቱ አያመልጥም። አሮጌው ሽፋን ሲረግፍ አዲሱ ቶሎ ሳይተካ ይቀራል። ከዚህም የተነሣ አንጀት ውሃንና ምግብን እንደ ልማዱ መምጠጥ ያቅተዋል፤ በወተት ውስጥ ያለውን ስኳር የሚፈጨው ንጥረ ነገርም ያንሰዋል። በአንጀት ውስጥ የሚኖሩት ጠቃሚ ተሕዋስያንም ሚዛናቸውን ያጣሉ። ተሕዋስያን ስንል በዓይን የማይታዩትን ረቂቃን ፍጥረታት ማለታችን ነው።

ምልክቶቹ በብዛት የሚታዩት ሕክምናው በተጀመረ በ2ኛው ወይም በ3ኛው ሳምንት ነው። እነርሱም ተቅማጥ፥ ቁርጠት፥ የሆድ መነፋት፥ እንዲሁም ዓይነ ምድርን ለመያዝ አለመቻል ናቸው። ለብዙዎቹ ሕሙማን ይህ ችግር ሕክምናው ካበቃ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። ለአንዳንዶቹ ግን ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ እንደገና ይነሣል። እነዚህን ሁለት ጊዜያት ለይቶ ማወቅ በጣም አስፈላጊ ነው፤ ምክንያቱም ቀጥለን እንደምናመለክተው፥ ለመጀመሪያው የሚረዳው ነገር ለሁለተኛው ላይበቃ ይችላል።

ዝምታ የሚያስከፍለው ዋጋ

በማሕፀን በር ነቀርሳ የታመመች ሴት የጨረር ሕክምናዋ በጠቅላላው ከ56 ቀን፥ ማለት ከ8 ሳምንት፥ እንዳያልፍ ሐኪሞች ይጥራሉ። ቀኑ በተራዘመ መጠን በሽታውን ፈጽሞ የማጥፋት ተስፋ ይቀንሳልና። እንግዲህ አንዲት ሴት በአውቶቡስ ላይ ተቅማጡ እንዳያዋርዳት ፈርታ ሁለት ቀን ብትቀር፥ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ሦስት ቀን ብትቀር፥ የጎደለው ቀን ብቻ አይደለም፤ የመዳን ዕድሏም አብሮ ይጎድላል። ሐኪሙም ለምን እንደ ቀረች ካልተነገረው ሊረዳት አይችልም።

በዚህ በምሥራቅ አፍሪቃ የጨረር ሕክምና ቦታ ማግኘት ምን ያህል አስቸጋሪ እንደ ሆነ የታወቀ ነው። በኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት ይህን ሕክምና ይሰጥ የነበረው በአዲስ አበባ የሚገኘው የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. በካምፓላ በሙላጎ ሆስፒታል የነበረው የኡጋንዳ ብቸኛ የጨረር መሣሪያ በተበላሸ ጊዜም፥ ብዙ ሕሙማን በአገራቸው ሕክምና አጥተው ነበር። ብዙ ወር ወረፋ ጠብቆ፥ ከሩቅ አውራጃ ተጉዞ፥ በሰው ቤት ተጠግቶ የተገኘን ሕክምና በሆድ ሕመም ምክንያት ማቋረጥ እንዴት ያሳዝናል!

የእርጎ ተሕዋስያን ታሪክ

የረጋ ወተት ለሆድ ይስማማል የሚለው እምነት በብዙ ሕዝቦች ዘንድ ከጥንት ጀምሮ ይገኛል። በሳይንስ መመርመር የጀመረው ግን በ20ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1905 ዓ.ም. ስታመን ግሪጎሮቭ የተባለ ቡልጋሪያዊ፥ በጄኔቭ ሳለ በአገሩ እርጎ ውስጥ የሚገኘውን ባክቴሪያ ለይቶ አወቀ። በፓሪስ በፓስተር ኢንስቲትዩት ይሠሩ የነበሩት፥ በ1908 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ያገኙት ሩሲያዊው ሊቅ ኢሊያ ሜችኒኮፍ ደግሞ፥ እርጎ የሚያዘወትሩት የቡልጋሪያ ገበሬዎች ረጅም ዕድሜ የሚኖሩት በዚሁ ምክንያት ነው ብለው አሰቡ። ረጅም ዕድሜ ስለ መስጠቱ የተናገሩት እንደ ተናገሩት ጸንቶ አልቀረም፤ ነገር ግን በአንጀት ውስጥ ጠቃሚ ተሕዋስያን አሉ የሚለው አሳባቸው ዛሬም የምርምር መነሻ ነው።

ዛሬ እንዲህ ያሉት ተሕዋስያን «ፕሮባዮቲክ» ይባላሉ። የዓለም የጤና ድርጅትና የዓለም የእርሻና የምግብ ድርጅት በ2001 ዓ.ም. የጠሯቸው ባለሙያዎች በሰጡት ትርጓሜ፥ ፕሮባዮቲክ ማለት በሕይወት ያሉና በበቂ መጠን ሲወሰዱ ለጤና ጥቅም የሚሰጡ ተሕዋስያን ናቸው። ከዚህ ትርጓሜ ሁለት ቃላትን አንባቢው እንዲይዝልን እንለምናለን፤ አንደኛው «በሕይወት ያሉ» የሚለው፥ ሁለተኛው «በበቂ መጠን» የሚለው ነው።

ምርመራዎቹ ምን አሳዩ?

በጨረር ሕክምና ለተጎዳ አንጀት የእርጎ ተሕዋስያን ይረዱ እንደ ሆነ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ተመርምሯል። ከእነዚህ ምርመራዎች ታላቅ ከሆኑት አንዱ በ2007 ዓ.ም. በኢጣሊያ ሐኪሞች የታተመው ነው። በዚህ ጥናት ከቀዶ ሕክምና በኋላ ጨረር የሚሰጣቸው 490 ሕሙማን በሁለት ወገን ተከፍለው፥ አንደኛው ወገን 8 ዓይነት ባክቴሪያ የያዘ ዱቄት በቀን ሦስት ጊዜ ሲወስድ፥ ሁለተኛው ወገን መልኩ ተመሳሳይ የሆነ ግን ተሕዋስያን የሌለበት ዱቄት ይወስድ ነበር። ዱቄቱን ከወሰዱት ከ100ው 32 ያህሉ ተቅማጥ ሲይዛቸው፥ ካልወሰዱት ግን ከ100ው 52 ያህሉ ታመሙ።

ይህ ደስ የሚያሰኝ ውጤት ነው። ነገር ግን በሚቀጥለው ዓመት በ2008 ዓ.ም. የእስፓኝ ሐኪሞች ያሳተሙት ሌላ ጥናት ነበር። እነርሱ የሰጡት ዱቄት ሳይሆን አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ያለበትን የሚጠጣ የረጋ ወተት ነው። የማሕፀን ነቀርሳ ታክመው በተመረመሩት 85 ሴቶች ዘንድ የተቅማጡ ብዛት አልቀነሰም፤ የዓይነ ምድሩ ቅጥነት ብቻ ተሻሽሎ ተገኘ። እንግዲህ ሁሉም ተሕዋስያን አንድ ዓይነት ሥራ አይሠሩም፤ በሚጠጣ ወተት ውስጥ ያለውም መጠን በተመረመረ ዱቄት ውስጥ ካለው ጋር እኩል አይደለም።

በ2014 ዓ.ም. የነቀርሳ ሕሙማንን እንክብካቤ የሚያጠና አንድ ዓለም አቀፍ ማኅበር፥ ላክቶባሲለስ የሚባሉት ባክቴሪያዎች ያሉበት ፕሮባዮቲክ፥ ከእምብርት በታች ጨረር ለሚሰጣቸው ሕሙማን ተቅማጥን ለመከላከል ሊረዳ ይችላል ሲል ምክር ሰጥቷል። በ2018 ዓ.ም. ጥናቶቹን በአንድነት የመረመሩ ሊቃውንት ግን ማስረጃው ገና ደካማ መሆኑን አስታውቀዋል።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው ይህ ነው። እርጎ ረዳት ነው፤ መድኀኒት ግን አይደለም። ደግሞም ጥናቶቹ ይልቁን የተደረጉት ሕመሙ ከመበርታቱ በፊት በሕክምናው ጊዜ ነው። ሕክምናው ካለቀ ከብዙ ወር በኋላ ለሚነሣው ተቅማጥ ማስረጃው በጣም ያነሰ ነው።

ሕያው የሆነው ምግብ የትኛው ነው?

«የእኛ ምግብ ሁሉ በእርሾ የተቦካ ነው፤ እንጀራ እየበላን ስለ ምን ፕሮባዮቲክ እንፈልጋለን?» የሚል ሰው ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የጤፍ ሊጥ በሚቦካበት ጊዜ በእርግጥ በተሕዋስያን የተሞላ ነው። ነገር ግን ሊጡ በጋለው ምጣድ ላይ በፈሰሰ ጊዜ ተሕዋስያኑ በእሳቱ ያልቃሉ። ስለዚህ እንጀራ በመቦካቱ ለሆድ ቢስማማም፥ ሕያው ተሕዋስያን ወደ አንጀት አያደርስም። ከእንሰት የሚሠራው ቆጮም በመሬት ውስጥ ለብዙ ጊዜ ቢቦካም ተጋግሮ ስለሚበላ እንደዚሁ ነው። አይብም ከአሬራ የሚወጣው በእሳት ሞቆ ስለ ሆነ፥ በሙቀቱ መጠን ተሕዋስያኑ ይቀንሳሉ።

ሕያው ሆነው የሚቀሩት እሳት ሳይነካቸው የሚበሉት ናቸው። ከእነርሱም ዋነኛው እርጎ ነው፤ እርጎ ማለት ረግቶ የኮመጠጠ ወተት ነው። እርጎው ተንጦ ቅቤው ከወጣ በኋላ የሚቀረው አሬራም እንደዚሁ ነው። በጎረቤት አገሮችም የዚህ ዓይነት ምግብ አይጠፋም። በኬንያ ካሌንጂን የሚባሉት ሕዝቦች በቅል የሚያረጉት ሙርሲክ፥ በሱዳን ሮብ የሚባለው የተናጠ የረጋ ወተት፥ ሶማሌዎችም ከግመል ወተት የሚያዘጋጁት ሱሳክ የዚሁ ወገን ናቸው። የረጋ ወተት ሌላም ጥቅም አለው። ተሕዋስያኑ የወተቱን ስኳር ከፊሉን አስቀድመው ስለሚበሉት፥ ትኩስ ወተት የሚነፋው የተጎዳ ሆድ እርጎን በተሻለ ሁኔታ ሊቀበለው ይችላል።

ሥልጆና አዋዜን የመሰሉት የሚያቃጥሉ ምግቦች ቦክተው ቢዘጋጁም ሆዱ ለታመመ ሰው አይመከሩም። ጠላና ጠጅም በውስጣቸው ባለው አልኮል ምክንያት መተው አለባቸው።

እርጎን ለበሽተኛ እንዴት ማዘጋጀት ይገባል?

ከዚህ ላይ የቤት እመቤቶች በጥብቅ እንዲያስተውሉ የምናሳስበው ነገር አለ። በየቤቱ የምናውቀው እርጎ የሚዘጋጀው ካልተፈላ ወተት ነው። ወተቱ በወይራ ጭስ በታጠነ ዕቃ ውስጥ ተቀምጦ በራሱ ጊዜ ይረጋል። ጭሱ መልካም ሽታ ይሰጠዋል፤ አንዳንድ ጎጂ ተሕዋስያንንም ይገታል። ነገር ግን ካልተፈላ ወተት የሚተላለፉትን እንደ ብሩሴሎሲስና የከብት ሳንባ ነቀርሳ ያሉትን በሽታዎች ያጠፋል ብሎ መታመን አይቻልም። ጤነኛ ሰው የሚቋቋመው ነገር፥ ደሙ በሕክምና ለደከመ ሰው አደገኛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለበሽተኛ የሚሆን እርጎ እንደሚከተለው ቢዘጋጅ ይሻላል።

አስቀድሞ ወተቱን ማፍላት ነው። ከዚያም ታጥቦ በፈላ ውሃ በተለቀለቀ የብረት ወይም የጠርሙስ ዕቃ ውስጥ ገልብጦ፥ ለብ እስኪል ድረስ፥ ማለት ንጹሕ ጣት ሳይቃጠል እስኪችለው ድረስ፥ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። በጣም ትኩስ እንደ ሆነ እርሾውን ይገድለዋል። ቅል በውስጡ ያለውን ስንጥቅ አጽድቶ ማጠብ አስቸጋሪ ስለ ሆነ ለዚህ ሥራ አይመረጥም። ቀጥሎ ከፋብሪካ ከወጣ፥ ከተፈላ ወተት ከተሠራና ሕያው ተሕዋስያን እንዳሉበት በማሸጊያው ላይ ከተጻፈበት እርጎ ለ1 ሊትር ወተት 2 የሾርባ ማንኪያ ጨምሮ ቀስ ብሎ ማማሰል ነው። ካልተፈላ ወተት የረጋ የቆየ እርጎን ለእርሾ መጨመር ግን የማፍላቱን ድካም ከንቱ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ ዕቃውን ከድኖ፥ በጋቢ ወይም በወፍራም ጨርቅ ጠቅልሎ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ያህል ማስቀመጥ ነው። ሲረጋ ወደ ማቀዝቀዣ ይገባል፤ በ3 ቀን ውስጥም ማለቅ አለበት።

አሰጣጡም ቀስ በቀስ ይሁን። በመጀመሪያው ቀን አንድ የቡና ሲኒ ያህል፥ ሆዱ ከተቀበለው በሚቀጥሉት ቀኖች እስከ አንድ ብርጭቆ መጨመር ይቻላል። ስኳር አይብዛበት። ቁርጠቱ ወይም መነፋቱ የሚብስ ከሆነ ግን እርጎውን አቁሞ ለሐኪም መንገር እንጂ፥ «ይለምደዋል» ብሎ ማስገደድ አይገባም።

ስለ ሌላው ምግብ

እርጎ ብቻውን በሽተኛን አያቆምም። ተቅማጥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚወስደው ውሃንና ጨውን ስለ ሆነ፥ እነዚህን መተካት ከማንኛውም ምግብ ይቀድማል። በየጤና ጣቢያው የሚገኘውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በታዘዘው መሠረት በጥብጦ መጠጣት ነው። እርሱ በጠፋ ጊዜ በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ 6 ልክክ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው መበጥበጥ ይቻላል። ጨውን ከዚህ ማብዛት ጉዳት ነው።

በርበሬና ሚጥሚጣ፥ ቅቤና ጮማ የበዛበት ወጥ፥ ብዙ ቡናም የታመመን አንጀት ያስቆጣሉ። አልጫ፥ ሩዝ፥ ድንች፥ ሙዝና ሾርባ ይስማሙታል። ከዚህ ቀደም ሐኪሞች ፋይበር የሚባለውን የእህልና የአትክልት አሰር ፈጽመው እንዲተዉ ይመክሩ ነበር። ነገር ግን በ2017 ዓ.ም. በለንደን ከተማ ከሮያል ማርስደን ሆስፒታል የወጣ ጥናት፥ በጨረር ሕክምና ጊዜ አሰር በዛ አድርገው የበሉት ሕሙማን አሳንሰው ከበሉት ይልቅ አንጀታቸው በጥቂቱ እንደ ተጎዳ አሳይቷል። ስለዚህ በሽተኛው ካልከበደው በቀር እንጀራን ፈርቶ መተው አያስፈልገውም።

ጾምንም በሚመለከት አንድ ቃል እንጨምር። የኦርቶዶክስ ምእመናን በጾም ወራት ወተት ስለማይቀምሱ ብዙ ሕሙማን በዚህ ይጨነቃሉ። ለታመመ ሰው ግን ቤተ ክርስቲያን የምታደርገው ማስተዛዘኛ ስላለ፥ ነገሩን ከንስሐ አባት ጋር መነጋገር ነው። ለእስላም ሕሙማንም በረመዳን እንደዚሁ ፈቃድ አለ። ወተት ለመተው የቈረጠ ሰውም ሐኪሙን ቢጠይቅ ወተት የሌለበት ፕሮባዮቲክ ሊያዝለት ይችላል።

እርጎ የማይፈቀድላቸውና ለሐኪም የሚነገረው ምልክት

ከጨረሩ ጋር የነቀርሳ መድኀኒት በደም ሥር የሚሰጣቸው ሕሙማን ነጭ የደም ሕዋሳታቸው የሚያንስበት ጊዜ አለ። በዚያን ጊዜ ሕያው ተሕዋስያን ያሉበትን ምግብም ሆነ እንክብል ሐኪም ሳይፈቅድ መውሰድ አይገባም። ለጤነኛ ሰው ደግ የሆነው ተሕዋስ መከላከያ ባጣ ሰው ደም ውስጥ ሊገባ ይችላልና። በደም ሥር ውስጥ ቋሚ ቱቦ የገባላቸው ሕሙማንም በተለይ እርሾ ያለባቸውን እንክብሎች በራሳቸው ፈቃድ አይውሰዱ።

ዓይነ ምድር ላይ ደም ከታየ፥ ትኩሳት ከ38 ዲግሪ ካለፈ፥ ሕመምተኛው ራሱን ካዞረው ወይም የጠጣው ካልረጋለት፥ ከወትሮው በቀን ከ4 ጊዜ በላይ እየጨመረ ከወጣ፥ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚያስነሣው ከሆነ ወይም ሰውነቱ እየከሳ ከሄደ፥ ያኔ ነገሩ ከእርጎ በላይ መሆኑን ዐውቆ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

ሕክምናው ካበቃ ከወራት በኋላ የሚመጣውም ተቅማጥ ራሱን የቻለ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። አንዳንዱ ሐሞት በአንጀት ሳይመጠጥ በመቅረቱ የሚመጣ ነው፤ ለእርሱ ኮሌስታይራሚን የተባለ መድኀኒት አለ። አንዳንዱ በትንሹ አንጀት ውስጥ ባክቴሪያ ከመጠን በላይ በመራባቱ የሚመጣ ነው፤ ለእርሱም ሐኪሙ ፀረ ባክቴሪያ ያዛል። ምርመራ ሳያደርጉ ዓመት ሙሉ እርጎ ብቻ እየጠጡ መታገሥ፥ ሊድን የሚችለውን ሕመም ማስረዘም ነው።

በሽተኛው የሚናገረውን ስለ መረዳት

አማርኛን በመማር ላይ ያላችሁ የተከበራችሁ ሹማምንት አንባቢዎቻችን ይህን ክፍል በተለይ እንድታስተውሉት እንወዳለን። የአገሩ ሰው ስለዚህ ሕመም በግልጽ አይናገርም። ሽማግሌ የሆነ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ በአለቃው ፊት ቆሞ «ትንሽ አሞኝ ነበር፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ከማለት በቀር ላይጨምር ይችላል። ቀረብ ብለው በትሕትና የጠየቁት እንደ ሆነ «ሆዴ አልረጋ አለኝ» ይላል። ይህ ማለት ተቅማጥ ይዞኛል ማለት ነው። «ያስቀምጠኛል» ቢልም እንደዚሁ ነው፤ ማስቀመጥ የሚለው ቃል አንድን ዕቃ በቦታው ማኖር ማለት መሆኑን ብቻ የተማረ ሰው በዚህ ይሳሳታል። «ሆዴን ቈረጠኝ» ሲል ሕመሙ እየመጣ የሚመለስ መሆኑን፥ «ሆዴን ነፋኝ» ሲል መወጠሩን፥ «ያስምጠኛል» ሲል ደግሞ የሚወጣ ነገር ሳይኖር ውጣ ውጣ እንደሚለው መናገሩ ነው። «ወጣ ልበል» የሚል ሰውም ወዴት እንደሚሄድ አይጠየቅም።

እንዲህ ያለውን ንግግር የተረዳ ሹም ብዙ ሊረዳ ይችላል። ለ25ቱ ቀን ሕክምና የሚያስፈልገውን ፈቃድ በአንድ ጊዜ መስጠት፥ ሠራተኛው በየማለዳው ለመለመን እንዳያፍር ያደርገዋል። ጠረጴዛውን ለመጸዳጃ ቤት ቅርብ ወደ ሆነ ክፍል ማዛወር ምንም ወጪ አያስከትልም። ከሁሉ በላይ ግን ምክንያቱን በሰው ፊት አለመጠየቅ ይገባል። ሴት ሠራተኛ እንደ ሆነች ለሌላ ሴት ባልደረባዋ ብትናገር ይቀላታል።

በቤትም እንደዚሁ ነው። እናት ለወንድ ልጇ፥ አማት ለምራቷ ይህን ለመናገር ይከብዳቸዋል። ስለዚህ ልጆች «እማዬ፥ ዛሬ ሆድዎ እንዴት ዋለ?» ብለው አስቀድመው ይጠይቁ። በቀን ስንት ጊዜ እንደ ወጡ፥ ምን እንደ በሉ፥ እርጎውም ይስማማቸው እንደ ሆነ በትንሽ ደብተር ጽፈው ለሐኪሙ ቢያሳዩ፥ ያች አንዲት ገጽ ረጅም ጊዜ የሚወስደውን ጥያቄና መልስ ታሳጥራለች፤ በሽተኛዋንም በአፏ ከመናገር ታድናታለች።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኀኒት የለውም» ይላሉ። ወተቱን አፍልታችሁ እርጎውን በንጽሕና አዘጋጁ፤ በልክ ስጡ፤ ሐኪሙንም ከጠየቃችሁ በኋላ ስጡ። የጨረሩን ቀን ግን በሆድ ምክንያት አንዲት እንኳ እንዳታስቀሩ፥ ሆድን የሚያውከውንም ነገር ሳታፍሩ በጊዜው ለሐኪም እንድትናገሩ በብርቱ እናሳስባለን።